የግራው ሞተር ጉዳይ

እናቴ ሽማግሌ የምትልከው ለጋብቻ ብቻ አይደለም። ጎረቤት አጥሩን ወደ እኛ ሲያስጠጋ ትልካለች፤ ባጃጅ ዶሮዋን ሲገጭ ትልካለች። አንድ ጊዜ ያልታመመ ጥርሴን ነቀለብኝ ላለችው ሐኪም ሳይቀር ሦስት ሽማግሌ ልካ፣ ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቋት፣ ከዚያ በኋላ እንደ ቤተሰብ ሆነው ቀሩ። ጥርሱ ግን አልተመለሰም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ስልክ አንስቼ «ፈታኙ ጠምዶ ይዞኛል» ማለቴ የራሴ ቂልነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ተምሬ ጨርሼ፣ በትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ለመሆን እየሰለጠንኩ ነበር። ወደ በረራው ከመገባቱ በፊት የቃል ፈተና አለ። ፈታኙ ጠረጴዛ ማዶ ይቀመጥና የአውሮፕላኑን አካል አንድ በአንድ ያነሳል፤ ተፈታኙ ያስረዳል። ኤሌክትሪኩን አስረዳሁ። ነዳጁን አስረዳሁ። ጎማና ፍሬኑንማ ሳይጠይቀኝ አስረዳሁ። ብሊድ ላይ ስንደርስ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚቀዳው አየር ላይ ስንደርስ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። መለስኩ። «ለምን?» አለኝ። ተከራከርኩ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ እሱ ደግሞ እስክሪብቶውን ከድኖ «ለዛሬ ይበቃናል» አለ። ወደቅኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንድደግም ተፈቀደልኝ፤ ያንንም ከወደቅኩ ስልጠናው አበቃ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ወልቂጤ ነው።

ወልቂጤ መመለሱ ራሱ ባልከፋ። ችግሩ እናቴ ገና ማመልከቻ ከሞላሁበት ቀን ጀምሮ ፓይለት ናት ብላ ከተማውን ማዳረሷ ነው። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር አንገቷን ቀና አድርጋ «ዛሬ ዝቅ ብላለች» የምትል ሴት ናት። እኔ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የፍሬን ሥዕል እያየሁ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሳይቀር ለኮሌጅ ማመልከቻው ላይ «እህቴ ትረዳኛለች» ብሎ ጽፏል። አክስቶቼ ወደ ጅዳ ሲሄዱ ማን እንደሚወስዳቸው ከወዲሁ ተስማምተዋል። ይህ ሁሉ እኔ ላይ ተጭኖ ነው እንግዲህ ወደቅኩ ለማለት አፌ አልፈታ ያለኝ።

እና ደወልኩላት። ወደቅኩ አላልኩም። ጠምዶ ይዞኛል ነው ያልኩት።

«ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?» አለች።

«አልተጣላሁም እማዬ፣ ፈተና ነው።»

«ጠምዶ ይዞኛል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ከሰሜን በኩል ሳይሆን አይቀርም።»

«ሚስቱስ የየት ናት?»

«እማዬ፣ የፈታኜን ሚስት ከየት አውቃታለሁ?»

«እናጣራለን» አለችና ስልኩን ዘጋችው። በኛ ቤት «እናጣራለን» ከተባለ ነገሩ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል ማለት ነው። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የአራት ቀን ፈቃድ ነበረኝና ወፍራሙን መጽሐፍ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ቤቴ ሄጄ በጸጥታ አጠናለሁ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በጸጥታ! ጉድ እኮ ነኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የግቢያችንን በር ስከፍት፣ ከእንሰቱ ፊት ለፊት ባለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አጎቴ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ናት። ሰው የሞተ መሰለኝ። «ግቢ፣ ግቢ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው» አለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹን ላስተዋውቅ። ዋናው የቡታጅራው ሐጂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው የሰው ጠብ ያበርዳሉ። ሁለተኛው የጉብሬው ሹፌር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ የጭነት መኪና ነድተዋል፣ ዛሬም መኪና ሲያልፍ ድምፁን ሰምተው በሽታውን ይናገራሉ። ሦስተኛው ከአገና የመጡ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው፤ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ዝም ይላሉ። «እሳቸው የሚመጡት ለመጨረሻው ቃል ነው» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። ዝም የሚል ሽማግሌ ያስፈራኛል። የሚናገረውንስ ተናግሬ እመልሰዋለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ» አሉ ሐጂ። «እናትሽ ያንን ሰው ሄደን እንድንለምንልሽ ጠይቃናለች። ለመሄድ መኪናም እግርም አለን። ግን እኛ ያልገባንን ነገር አንማልድም። ምን ብለን እንለምን? ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንሰማለን።»

በሥርዓቱ ባለጉዳይ በራሱ አፍ አይጀምርም፤ ሌላ ሰው ነው የሚቆምለት። ለኔ የቆመልኝ አጎቴ ነው፤ ወልቂጤ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፣ ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ከላይ እንደሚያልፍ ነው። ጓዳ ገብተን አምስት ደቂቃ አስረዳሁት። ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገና «ጉዳዩ የአየር ጉዳይ ነው» ብሎ ጀመረ። «ሞተሩ አየር ነበረው። አየሩ ተወሰደበት።»

«ማን ወሰደበት?» አሉ ሐጂ።

አጎቴ ዞር ብሎ አየኝ። «ክንፉ» አለ።

«ሳያስፈቅድ?»

«ቫልቭ አለ» አለ አጎቴ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ። «ቫልቩ ነው የሚፈቅደው።»

የጉብሬው ሹፌር እጃቸውን አነሱ። «ይሄ ሰው ራሱ ሌላ ሽማግሌ ይፈልጋል» አሉ። «ልጅቷ ራሷ ትናገር።» ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አጎቴም እፎይ ብሎ ኮቱን አወለቀ።

እንግዲህ እኔ ቆምኩ። መጽሐፉን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በእንግሊዝኛው አንዴ ለቀቅኩት። የቫልቩን ስም፣ የግፊቱን ቁጥር፣ የመብራቱን ቀለም፣ ሳልተነፍስ አወረድኩት። እናቴ ደጃፉ ላይ ሆና በኩራት ዙሪያዋን ታያለች። ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ለኛ ነው ለመጽሐፉ ነው የምትነግሪው?» አሉ። ፈታኙም ቃል በቃል ባይሆን ይህንኑ ነበር ያለኝ።

ከዚያ እንደ ሕፃን ከሀ አስጀመሩኝ።

«ላይ፣ እዚያ የምትሄዱበት፣ አየር አለ የለም?» አሉ ሐጂ።

«አለ። ግን ስስ ነው። ሰው ቢተነፍሰው አያጠግበውም። ስለዚህ አየሩን ጨምቀን ወደ ውስጥ ማስገባት አለብን። ያንን የሚጨምቅልን ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከፊቱ አየር ይስባል፣ በደረጃ በደረጃ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ነዳጅ ጨምሮ ያቃጥለዋል። እኛ ከተጨመቀው ላይ ጥቂት እንቀዳለን።»

«ቆይ» አሉ። «ከመቃጠሉ በፊት ነው የምትቀዱት ወይስ ከተቃጠለ በኋላ? ሰው የሚተነፍሰው የሞተር ጭስ ነው?»

መጽሐፉ ውስጥ ይህ ሥዕሉ ላይ አለ፤ እኔ ግን አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «በፊት ነው» አልኩ። «ከእሳቱ በፊት። ንጹሕ አየር ነው። ግን በጣም ይሞቃል።»

«ያልተቃጠለ አየር እንዴት ይሞቃል?»

ለዚህ መልስ አጣሁ። ማለቴ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ ለሐጂ የሚሆን መልስ ነው ያጣሁት። የጉብሬው ሹፌር ናቸው ያወጡኝ። አጎቴን የብስክሌት ፓምፕ አምጣ አሉት። አመጣ። የፓምፑን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ደፍነው ሃያ ጊዜ ያህል ገፉና ሐጂን «ይንኩት» አሏቸው። ሐጂ ነክተው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሱብሃነላህ» አሉ፣ ከዚያ እንደገና ነኩት። የአገናው አዛውንትም ዝም እንዳሉ እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱት። እኔ በዚህ ነገር ላይ ወራት ተቀምጬ፣ በሥዕል ላይ በቀይ ቀለም የተቀባውን ቧንቧ እያየሁ፣ አየር ሲጨመቅ እንደሚግል ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የነካሁት እዚያ አቮካዶ ሥር ነው። ይህን ለባልደረቦቼ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

«ስለዚህ መብረድ አለበት» አሉ ሹፌሩ።

«አዎ። ከሞተሩ እንደወጣ አንድ ማብረጃ አለው፣ ልክ እንደ መኪና ራዲያተር፣ ከፊት የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ያበርደዋል። ከዚያ አንድ ቫልቭ ግፊቱን ይለካል፤ ከበዛ ይቀንሳል። ከዚያ ወደየቤቱ ይሄዳል። አንዱ ወደ ሁለቱ ማቀዝቀዣዎች ይሄድና ሰው ወዳለበት ይገባል። አንዱ በትኩሱ ወደ ክንፎቹ ግንባር ይሄዳል፣ በረዶ እንዳይይዛቸው። የቆመ ሞተር የምናስነሳውም በዚሁ አየር ነው።»

«ሰው ዘንድ የገባውስ? እዚያው ይቀራል?»

«ከኋላ በምትከፈትና በምትዘጋ በር እየተለካ ይወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ጋር ሲመጣጠን ነው ውስጡ ደህና የሚሆነው።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። ይህቺ ደስ አለቻቸው። «ሞተሩስ?» አሉ። «ይህን ሁሉ ሲቀዱበት ዝም ይላል? ምንም አይጎድልበትም?»

«ይጎድልበታል። አየር በቀዳን ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይጨምራል።»

«እንዲያ በይኛ። እኔ እኮ በነፃ መስሎኝ ግራ ገብቶኝ ነው የቆየሁት።» ነጋዴ ናቸው፤ አንድ ነገር ከየት እንደሚመጣ ካላወቁ ዕቃውን አይነኩትም።

ዝናብ መጣና ወደ ቤት ገባን። እናቴ ቆጮና ጎመን በአይብ አቀረበች። ስንበላ ስለ አየር አልተነሳም፤ በሥርዓቱ እየተበላ ጉዳይ አይታይም። እኔ ግን ቆጮውን በጣቴ ከማገላበጥ አላለፍኩም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁና። ፈታኙ የጠየቀኝንና እኔ የመለስኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

እጅ ታጠብን። «አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ» አሉ ሐጂ። «ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«ሁለት ሞተር አለ» አልኩ። «የግራው የራሱ የአየር መስመር አለው፣ የቀኙም የራሱ። በመካከላቸው የሚያገናኝ አንድ ቫልቭ አለ። መስመሩ ከልክ በላይ ከጋለ ወይም ግፊቱ ከበዛ ራሱን ይዘጋል፣ እኛ ዘንድ መብራት ይበራል። የጠየቀኝ ይህንን ነው። ከፍታ ላይ ነሽ፣ ደመና ውስጥ ነሽ፣ ብርድ ነው፤ የግራው ራሱን ዘጋ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

እናቴን አየኋት። ማሰሮ ይዛ ቆማለች።

«የቀኙ ደህና ነው አልኩ። የመካከሉን ቫልቭ ከፍቼ ሁሉንም በቀኙ አስኬዳለሁ፤ ሁለቱንም ማቀዝቀዣ፣ ሁለቱንም ክንፍ።»

«ለምን አለሽ?»

«ለምን አለኝ። የሞተር ጉልበት ትልቅ ነው፣ ይችላል አልኩት። እርግጠኛ ነሽ አለኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እውነተኛው በረራ ላይ እኮ የሚነበብ መመሪያ አለ፣ እዚያ ይጻፍ የለ ወይ፣ ለምን ታደርቀኛለህ አልኩት።»

«አንተ አልሽው?» አለች እናቴ ከደጃፉ። ከሁሉም ነገር እሷን ያስደነገጣት ይህ ነው።

የጉብሬው ሹፌር ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ነበር፤ ስንጥሩን አስቀመጡት። «የቀኙ ማብረጃ» አሉ ረጋ ብለው፣ «የተሠራው የስንት ሞተር አየር ለማብረድ ነው?»

«የራሱን።»

«የሁለት ብትጭኚበትስ?»

«ይሞቃል።»

«ሲሞቅስ?»

«ራሱን...» አልኩና ቆምኩ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ራሴ ነኝ ያልኩት፣ ገና አሁን። «ራሱን ይዘጋል።»

ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ለአምስት ቀን ስሳደብበት፣ ስዝትበት፣ እንቅልፍ ሳጣበት የቆየሁት «ለምን?» መልሱ ሁለት ቃል ነበር፤ ራሱን ይዘጋል። የግራው ሲዘጋ የግራውን ማቀዝቀዣ ማጥፋት ነው፤ ለቀኙ የሚችለውን ብቻ መተው ነው፤ ከበረዶው ደመና መውጣት ነው። መመሪያው አንድ መስመር ላይ ይህንኑ ይላል። እኔ መስመሩን አይቼ፣ ለምን እንዲህ እንደሚል ግን ጠይቄ አላውቅም።

ሐጂ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይህ መልስሽ» አሉ፣ «ከመጽሐፍ አልመጣም። ከቤታችን ነው የመጣው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሱቅ ሲከፍት ሁላችንም ልጆቻችንን እሱ ዘንድ ላክን። የታመመም እሱ ዘንድ፣ ክስ ያለበትም እሱ ዘንድ፣ ሥራ ያጣም እሱ ዘንድ። ደህናው እሱ ነው አልን። እሱም እንቢ ማለት አያውቅም። አንድ ቀን ራሱን ስቶ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ እሱም የለ፣ ያሳደርናቸውም ልጆች ተበተኑ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «አንቺም ልጅቷ ላይ ስንት ነገር እንደጫንሽ ቁጠሪ» አሏት። እናቴ ማሰሮውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ የአገናው አዛውንት አገጫቸውን ከከዘራው ላይ አነሱ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ሰዎቹ ውስጥ ነበሩ?»

«የትኞቹ ሰዎች አባባ?»

«ተሳፋሪዎቹ።»

«ፈተና ነው አባባ። በአፍ የሚጠየቅ ነው። ሰው የለበትም።»

«ለዚያ ነው የቀለለሽ» አሉ፣ እና አገጫቸውን መለሱ።

እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ተናድጄም አፍሬም ነው። ከመልሴ ውስጥ ማንም አልነበረም። ቫልቭ ነበር፣ ቧንቧ ነበር፣ ሞተር ነበር፤ ልጇን ያቀፈች ሴት አልነበረችም፣ ወደ ጅዳ የምትሄድ አክስቴ አልነበረችም። ሁለቱም መስመር ሲዘጋ ውስጡ የነበረው አየር ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ይህንንም አውቅ ነበር፣ ቁጥሩን ከነደቂቃው። ግን የሚያልቅበት ሰው አልነበረኝም።

ፍርዱን ሐጂ ተናገሩ። «ሰውየው አልበደለሽም። አንቺ ነሽ የበደልሽው፤ ጠመደኝ ብለሽ ስሙን አጠፋሽ፣ ተማሪ ሆነሽ አንተ አልሽው። ስለዚህ ለማማለድ አንሄድም። አጥኚ፣ ደግመሽ ተፈተኝ፣ ብታልፊም ባታልፊም ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ።»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ለዚህ ነው እንዴ የጠራኋችሁ?» አለች። «ልጄን እንድታዋርዱልኝ ነው ቆጮ ያበላኋችሁ?» እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሱ። ሹፌሩ በሩ ላይ ሲደርሱ «የሰውየው ቃል ግን ቀርቷል፤ በአንድ ወገን አፍ ብቻ ፈርደናል» አሏቸው ለሐጂ። ሐጂ «እሱ የኛ ድርሻ ነው» ብለው ጫማቸውን አደረጉ። እኔ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ስለነበር ነገሩን ከቁብ አልቆጠርኩትም።

የቀረኝን ሦስት ቀን እናቴ አላናገረችኝም ማለት ይቻላል። እህል ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ከፍቼ እንደ አዲስ አነበብኩት፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሐጂን በሐሳቤ ቁጭ አድርጌ «ከየት ነው የመጣው? የት ነው የሚሄደው? ማን ላይ ነው የሚጎድለው?» እያሰኘሁ። የጉብሬውን ሹፌር የሚያስቸግር ቧንቧ ሳገኝ ደግሞ ፓምፑን አነሳለሁ። አጎቴ ፓምፑን ወደ ሱቁ ሊመልስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ።

የፈተናው ቀን ፈታኙ ያንኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ያንኑ እስክሪብቶ ይዟል። ሰላምታዬን ተቀበለ። ከዚያ የጀመረው ባልጠበቅኩት ቦታ ነው። «ተሳፋሪ የሚተነፍሰው የሞተር ጭስ ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ከእሳቱ በፊት የሚቀዳ መሆኑን ነገርኩት። «ያልተቃጠለ አየር እንዴት ይሞቃል?» አለ። የብስክሌት ፓምፕ ነው አልኩት። እስክሪብቶውን አገላበጠ። «ሞተሩስ ላይ ምንም አይጎድልም?» አለ። ይጎድላል አልኩ፤ ጉልበትም ነዳጅም። ጥያቄዎቹ እንግዳ እንግዳ ብለውኛል፤ ባለፈው እንዲህ አልነበረም የጠየቀኝ፣ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

«እሺ» አለ። «ከፍታ ላይ ነሽ፣ ደመና ውስጥ፣ የግራው ራሱን ዘጋ።»

«ውስጥ ሰዎች አሉ» አልኩ። ለምን በዚህ እንደጀመርኩ አላውቅም፣ መጽሐፉ በዚህ አይጀምርም። «ስለዚህ የቀኙ እንዳይዘጋ ነው የምጠነቀቀው። በመመሪያው መሠረት የግራው ይመለስ እንደሆነ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ካልተመለሰ የግራውን ማቀዝቀዣ አጠፋለሁ። አንዱ ማቀዝቀዣ ለሰዎቹ ይበቃቸዋል፣ ፍሰቱን ይጨምራል። ሁለቱንም ቀኙ ላይ አልጭንም። የክንፉን ትኩስ አየር ወደምፈልግበት በረዶ አልገባም፤ ከደመናው የምወጣበትን መንገድ የአየር ተቆጣጣሪውን እጠይቃለሁ።»

«ለምን ቀኙ ላይ አትጭኚም? የሞተር ጉልበት ትልቅ አይደለም?»

«ደህና ስለሆነ ብቻ ሁሉን አይችልም» አልኩ። ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ከዚያ «አልፈሻል» አለ፣ ልክ ሰዓት እንደሚናገር ሰው።

ወጥቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለሐጂ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«ሐጂ፣ አሁን እኮ ነው የወጣሁት...»

«እንግዲያው ጉዳዩ አልተዘጋም» አሉና ዘጉት፤ ስልኩን።

ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ። ፈታኙ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ እንደ ቤታችን ሥርዓት አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ባለፈው ላልኩዎት ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠምደውኛል ብዬም በሌሉበት ስምዎን አንስቻለሁ አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ተቀመጪ» አለ። «ባለፈው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች እዚህ መጥተው ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እባክዎ፣ እኔ አልላክኳቸውም» አልኩ። «አንሄድም ብለው ነበር።»

«እኔም አሳልፋት ሊሉኝ መስሎኝ ከበር ልመልሳቸው ነበር» አለ። «ብዙ አማላጅ አይቻለሁ። እነዚህ ግን የመጡት የኔን ቃል ሊሰሙ ነው። በአንድ ወገን አፍ ፈርደናል አሉ። ተቀመጡና ከሀ ጀምሮ አስረዳን አሉኝ። አንዱ ያልተቃጠለ አየር ለምን ይሞቃል ብለው ጠየቁኝ፤ አንዱ ስለ ማብረጃው መጠን አፋጠጡኝ። ሥዕል ሳልኩላቸው። ሁለት ሰዓት ፈተኑኝ። እኔም ያለፍኩ መሰለኝ፣ ሲወጡ መረቁኝ።» ሳቅ አለ፤ ሲስቅ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «ዓይናቸው የደከመው እስከ መጨረሻው ምንም አልተናገሩም። ሲነሱ ብቻ እጄን ያዙና 'ልጃችን ናት፣ እንወዳታለን፤ ካላወቀች ግን እንዳታሳልፋት' አሉኝ።»

«ከቡታጅራና ከአገና ድረስ በምን መጡ?» አልኩ፣ ሌላ የምለው አጥቼ።

«እናትሽ ናቸው በኮንትራት ሚኒባስ ያመጧቸው። እሳቸው መኪናው ውስጥ ነው የቆዩት፤ ወጥቼ ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። እኔ ከገባሁ እለምንሃለሁ አሉኝ።»